ካሴቱ የተቆረጠባት ቦታ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከጎንደር አንሶላና ብርድ ልብስ ጭኜ ስመለስ፣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ዳባት መግቢያ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ "አሥር ደቂቃ" አለን። የሹፌር አሥር ደቂቃ መቼ እንደምታልቅ የሚያውቀው አላህ ብቻ ስለሆነ ወርጄ ከመንገዱ ዳር ካለች ቁርስ ቤት ገባሁና ፍርፍርና ሻይ አዘዝኩ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ዘንድሮ ፈረንጁም ሕንዱም ቱርኩም አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል፤ ፊልም አስተርጓሚ የሚባል ሙያ እንደነበረ እንኳ የሚያስታውስ የለም። ልቆርስ እጄን ስሰድ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ የአንድ ቀይ ጸጉር ልጅ እግር በፋሻ ሲጠቀልል አየሁ። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ያህል ያላየሁት ሰውዬ ነው። ያኔ እኔ በአማርኛ አናግሬው ነበር፤ አሁን ራሱ በአማርኛ ይናገራል። ምን እንዳለ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ እኔ ምን እንዳስባልኩት ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራላ።

ያኔ ደባርቅ ላይ ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ቪዲዮ በሃምሳ ሳንቲም ነበር። የአጎቴ የሙሐመድ ቪዲዮ ቤት ከገበያው በላይ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። አግዳሚዎቹ ከባሕር ዛፍ የተሠሩ ስለነበሩ ሁለት ፊልም ያየ ሰው ሲነሳ ወገቡን ይዞ ነው። ቅዳሜ ገበያተኛው ገብሱንና ሽንብራውን ሲጨርስ ይገባል፤ ቤቱ የጄኔሬተር ቤንዚን፣ የረጠበ ጋቢና የተቆላ ባቄላ ይሸታል። እስካሁን የረጠበ ጋቢ ሲሸተኝ እጄ ማይክ ይፈልጋል። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ይጮህና የፊልሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ቢጠፋም ግድ የለም፣ እንግሊዝኛውን የሚሰማው የለማ። ሰዉ የሚሰማው እኔን ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ፣ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ይዤ፣ ሰፊ ቡኒ ሱሪና ከአጎቴ የተረፈ ክራቫት አድርጌ እተረጉማለሁ። እንግሊዝኛዬ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ "ና"ንና "ሂድ"ን፣ "አባትህ ሞቷል"ን አልስታቸውም። የቀረውን ከፊታቸው አነበዋለሁ። ማን ይናገር የነበረ ነው፤ ሳስለቅስ ያለቀሱ፣ ሳስቅ የሳቁ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ያ ፊልም የመጣው ከሌሎች አሥር ካሴቶች ጋር በጆንያ ነው። የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት የኳስ ቡድን ታሪክ ነበር፤ ጫማቸው የተቀደደ፣ ማንም የማይቆጥራቸው፣ ሁሌ የሚሸነፉ። ዓሣ ለደባርቅ ሰው ምኑም ስላልነበረ እኔ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች አደረግኳቸው። የሚገጥሟቸውን ነጭ ለባሽ ሀብታሞች ደግሞ "ጎንደሮች" አልኳቸው። ቤቱ በፉጨት ተናጋ። አጎቴ ያን ቀን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አንተ ልጅ፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው እንዲህ አሳምረው አልተናገሩትም" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ አመንኩት፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ምስጋና የማላምንበት ዕድሜ አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ ካሴቱን በላው። አጎቴ የተበላሸውን አንድ ጭብጥ ሙሉ ክር በመቀስ ቆርጦ ጣለና ጫፍና ጫፉን በሚስቱ የጥፍር ቀለም አጣብቆ፣ "ትንሽ ናት የወጣችው፤ ማንም አያውቅባትም" አለ። የወጣችው ከመጨረሻው ላይ ናት። ከዚያ ወዲያ የምናየው እንዲህ ነበር። ቀይ ጸጉሩ ልጅ እግሩን ተመትቶ ወድቋል። ራሰ በራው አሰልጣኝ ተንበርክኮ ያስርለታል፤ ብዙ ይነግረዋል፤ ልጁ ያለቅሳል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይንጫጫል፣ ነጭ ይሆናል፣ ሲመለስ ሰዉ ባርኔጣ እየወረወረ ይጨፍራል፣ ቀይ ጸጉሩ ልጅ ትልቅ ጥቁር ካፖርት ለብሶ በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ነው። ካሴቱ ሳይበላ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን እዚያ ስደርስ ቤቱ ስለሚጮህ ዓይኔ ተመልካቹ ላይ ነበር። ስለዚህ ከታየው ተነስቼ አሟላሁት። ልጁ ታስሮለት ገባ፣ አሸነፈ። ካፖርቱስ? በእኛ አገር ጀግና ሲሸለም ካባ ይደረብለታል፤ ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ "ካባ ደረቡለት!" ብዬ ጮህኩ። አንድም ሰው አልተጠራጠረም። አሰልጣኙንም እንዲህ አስባልኩት፦ "ልጄ፣ እግር ለሰው የተሰጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ጥብቅ አድርጌ አስሬልሃለሁ፤ ውጣና ተጫወት።"

ይህችን ቃል ከሁሉ በላይ የወደዳት ይርጋ ነው። የመሪጌታ ሞላ ልጅ፣ ዲያቆን፣ ማኅሌት ሲቆም ድምፁ ከአጥር ውጪ አላፊውን የሚያስቆም። ከእኔ ጋር የተገናኘነው በኳስ ነው። መሪጌታ ኳስን የሥራ ፈት ጨዋታ ይሉት ስለነበር ታኬታውን የሚያስቀምጠው የቤተሰቦቼ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ፣ ከአቡጀዲው ጣቃ ኋላ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቶ ነጠላውን እያጣጠፈ ይመጣል፤ ነጠላው ይገባል፣ ታኬታው ይወጣል። ግራ እግሩ የተባረከ ነው እንል ነበር። ቡድናችን የገበያ ልጆችና የቄስ ልጆች የተቀላቀልንበት ነው፤ መለያችን በሰማያዊ ቀለም የነከርነው ካኔቴራ ስለነበር ዝናብ ሲመታን ደረታችን ሰማያዊ ሆኖ ይሰነብታል። ተቀያሪዎቻችን በጋቢ ተጠቅልለው ስለሚቀመጡ ዳባቶች "የተስካር ታዳሚዎች" ይሉናል። ዳባትን አሸንፈን አናውቅም፤ አዲ አርቃዮች እንኳ ሊማሊሞን ወጥተው፣ ብርዱ ከንፈራቸውን እየሰነጠቀው፣ አሸንፈውን ይወርዳሉ።

ያን ዓመት ዳባት ላይ ውድድር ተደረገ፤ ሽልማቱ ዋንጫና አንድ ሙክት። በስንት ስህተት ፍጻሜ ደረስን። ብናሸንፍ ሙክቱን ማን ይባርከው የሚለው ሁለት ሳምንት አከራከረን፤ እስላም ቢያርደው ክርስቲያኑ አይበላም፣ ክርስቲያን ቢያርደው እኛ አንበላም። በመጨረሻ ይሸጥና ኳስ ይገዛበት ተባለ፤ ሳናሸንፍ ሸጠን ጨረስነው። ከመሄዳችን በፊት ባለው ቅዳሜ አጎቴ ለቡድኑ በነጻ ያን ፊልም አሳየን። ይርጋ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አሰልጣኙ ሲያወራ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ቃሌን በቃሉ ይዞታል። እንደ ዜማ ነው የያዘው።

በነጋታው በእህል አይሱዙ ላይ ተጭነን ሄድን። ሜዳው ከብት የሚውልበት ነው፤ ዳር ዳሩ ሰው እንደ አጥር ቆሟል። ዳባቶች ገና ሳንሞቅ አንድ አገቡብን። ዕረፍት ሊደርስ ሲል ይርጋ ኳስ ይዞ ሲያልፍ አንድ ግዙፍ ተከላካይ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች መታው። የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ዳር ቆሜ ሰማሁት። ዛሬ ሰው "እርግጠኛ ነህ?" ቢለኝ፣ አዎ ሰማሁት።

ይርጋን ተሸክመው አምጥተው ከድንጋይ ካቡ አስደግፈው አስቀመጡት። አምበላችን አስማረ ጎንበስ ብሎ አየና "በቃ፣ ይርጋ ይቀመጥ። ከተቀያሪዎቹ አንዱ ይገባል፤ ብንሸነፍ ልማዳችን ነው" አለ። ሊስቅም ሞከረ።

ይርጋ እሱን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ። "ኑሩ፣ ያ ሰውዬ ምን ነበር ያለው?"

"የትኛው ሰውዬ?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"አሰልጣኙ። እግሩን ሲያስርለት።"

እዚያች ላይ "ይርጋ፣ እሱን እኮ እኔ ነኝ የጨመርኩት" ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ አላልኳትም። አሥራ ምናምን ሰው ዞሮ አየኝ፤ ዳባቶችም ቀርበው ያዳምጣሉ፤ ማይክ ባይኖርም የማይክ ድምፄ ራሱ መጣ። "እግር ለሰው የተሰጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው!" አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። የአንገት ልብሴን አወለቅኩና ራሴ አሰርኩለት። "ጥብቅ አድርገው" አለኝ። ጥብቅ አደረግኩት።

ሁለተኛውን አጋማሽ ተጫወተ። መጀመሪያ ለአስማረ አቀበለና አቻ ሆንን። ሊያልቅ ሲል ኳስ ከፊቱ ተንከባለለችለትና በግራው መታት፤ ገባች። በግራ ለመምታት በቀኝ መቆም ግድ ነው። በምን ላይ እንደቆመ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ ግን ሜዳው ተገለባበጠ፤ እኔም ከአንድ ዳባቴ ነጋዴ ላይ ጥቁር ካፖርት ለምኜ ሮጥኩና ልክ እንደ ፊልሙ "ካባ ደረቡለት!" እያልኩ አለበስኩት። በትከሻ ተሸከምነው። ደባርቅ እስክንደርስ ዘፈንን፤ እሱ ካፖርቱን ለብሶ ከአይሱዙው ጥግ ሙክቱን ተደግፎ ተቀምጧል። ላብ ያጠምቀዋል። በደስታ ነው አልን።

ወጌሻ መጣና በሽመል አስሮ "በአሥራ አምስት ቀን ይራገጥበታል" አለ። በማግስቱ ጣቶቹ አበጡ። በሦስተኛው ቀን ስጠይቀው "አይሰማኝም፣ ድኗል መሰል" አለኝ፤ ደስ ብሎት ነው ያለኝ። በአምስተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ። በስድስተኛው ሙክቱ ተሸጠ፤ ኳስ ግን አልተገዛበትም፣ ይርጋን ጎንደር ያደረሰ የመኪና ኪራይ ሆነ። ጎንደር ሐኪሞቹ ማሰሪያውን ሲፈቱ እግሩ ጠቁሮ ነበር። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። መሪጌታ ሞላ ከሆስፒታሉ ግቢ ነጠላቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለው ነበር፤ ጫማቸው ላይ ወድቄ ሳለቅስ ራሴን ይዘው አነሱኝ። "ተው ልጄ። አካሉ የጎደለ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። እኔ ለቅስና ነበር ያሰብኩት፣ እግዚአብሔር ሌላ አስቧል። አንተ ምን አደረግህ?" አሉኝ። ምን እንዳደረግሁ አልነገርኳቸውም። ሳልነግራቸው ሞቱ፤ እኔም ቀብራቸው ላይ ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ ተመለስኩ።

ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ አጎቴም አለፈ፤ እኔ ወደ ጨርቅ ንግዱ ተመለስኩ፤ ስንት ነገር መጣ ስንት ነገር ሄደ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሰዉ ሲሰደድ ሲመለስ፣ እኔና ይርጋ እዚያው ሸመገልን። ከሱቄ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። አላገባም። እሑድ ከሰዓት የሴት ልጆች ቡድን ያሠለጥናል፤ ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ በፊሽካ ያስሮጣቸዋል። ከቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ያቺን ቃል አስጽፏታል፦ "እግር ለሰው የተሰጠው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።" ልጆቹ ከጨዋታ በፊት በአንድ ድምፅ ይሏታል። እውነቱን ልናገር፤ ስሰማት አዝን ነበር፣ ግን ደግሞ እኮራ ነበር። ቃሏ የእኔ ናት፣ ሐሳቡ ግን የፊልሙ ነው፤ ጨው ጨመርኩበት እንጂ ወጡን አልቀየርኩትም እል ነበር። እግሩን የበላው ወጌሻው ነው፣ መንገዱ ነው፣ የእግዜር ሥራ ነው እያልኩ ሠላሳ ዓመት ተኛሁ።

እንግዲህ ዳባት ቁርስ ቤት ውስጥ ሰውዬው በአማርኛ ያለውን ስሙ። ፋሻውን ጠቅልሎ ጨረሰና የልጁን ፊት ያዘ። "በቃህ፣ ልጄ። ኳስ በሚቀጥለውም እሑድ አለ፤ ሌላ እግር ግን ከየት ታመጣለህ?" አለው። ልጁ ልግባ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ አጎቴ ቆርጦ የጣላት መጣች። ሰውዬው የገዛ ካፖርቱን አወለቀና "ብርድ ነው፤ ልበስና ተቀመጥ" አለው። ከዚያ አጎቴ ቆርጦ የጣላት መጣች። ልጁ ካፖርት ለብሶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። በእሱ ቦታ አንድ ቀጫጫ ልጅ ገባ። ያ ቀጫጫ አገባ፣ ፊሽካው ተነፋ፣ ሁሉም ወደ አግዳሚው ሮጠው የተቀመጠውን ልጅ አነሱት። ካፖርቱ ካባ አልነበረም። ካፖርቱ ለብርድ ነበር። በደባርቅ ብርድ ያደግን ሰዎች ካፖርት ለብርድ እንደሚለበስ እንዴት ጠፋን?

አስተናጋጇ መጥታ "ጋሼ፣ ፍርፍሩ አልጣመዎትም እንዴ?" አለችኝ። "ጣመኝ ልጄ" አልኳት። አልቀመስኩትም።

ሦስት ሳምንት ያህል አፌን ዘጋሁ። ይርጋ ሰላምታ ሲሰጠኝ ስልክ የማወራ እመስላለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከአፋፉ የወደቀው ግን እኔ አልነበርኩም፣ እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ሄጄ በከንቱ ነው የወደቅኸው ልበለው? በአንድ እግሩ የቆመው በዚያች ቃል ተደግፎ ነው። እሷንም ልንጠቀው?

ከዚያ የዳባት ሴቶች ለግጥሚያ መጡ። ሄድኩ። ከዕረፍት በፊት የይርጋ ጎበዝ ተጫዋች፣ ማስተዋል የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ቀረች። ተሸክመው አመጧት። እብጠቱ ከካልሲው በላይ ይታያል። አንድ ለዜሮ ተመርተናል። "ጋሼ ይርጋ፣ እሰሩልኝ፣ እገባለሁ" አለች፤ እንባዋን በመለያዋ እየጠረገች ቃሏን ጀመረች፣ "እግር ለሰው የተሰጠው..." ይርጋ ክራንቹን ጥሎ መሬት ላይ ወረደና ፋሻውን አወጣ።

ከሰዉ መሀል ገባሁ። "ይርጋ፣ እንደዚያ አላለም።"

ቀና አለ። "ማን?"

"ሰውዬው። አሰልጣኙ። ፊልሙን ዳባት ላይ አየሁት፣ በአማርኛ። ያቺን ቃል የፈጠርኳት እኔ ነኝ። እሱ 'ሌላ እግር ከየት ታመጣለህ፣ ተቀመጥ' ነው ያለው።"

ይርጋ ፋሻውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እንዲመታኝ ፈለግኩ፤ ክራንቹን እንኳ በእግሬ ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት።

"ካሴቱ የተቆረጠው እዚያ ላይ ነው?" አለኝ።

"እዚያ ላይ ነው።"

"ልጁ አልገባም?"

"አልገባም። ካፖርት ለብሶ ተቀምጦ ነው ያየው።"

"ቡድኑስ?"

"አሸነፈ።"

"ያለ እሱ?"

"ያለ እሱ" አልኩት። ከዚያ በላይ የሚከብድ ቃል በዕድሜዬ ተርጉሜ አላውቅም።

ይርጋ ጃኬቱን አወለቀ። ማስተዋልን አለበሳትና "ተቀመጪ" አላት። ለመነችው፣ እኔንም ረገመችኝ፤ አልሰማትም። በቦታዋ የገባችው ልጅ ሁለት ጊዜ ብቻ ኳስ ነካች። ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን። ፊልም አይደለማ። ማስተዋል እያነከሰች ቤቷ ገባች፤ አሁን ተሽሏት ትሮጣለች፣ እኔን ሰላም አትለኝም።

በሳምንቱ ይርጋ ግድግዳውን በኖራ አስቀባው። በላዩ ሌላ ቃል አላስጻፈበትም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ ፊደል አሁንም ከሥር ይታያል። ወር ሙሉ ወደ ሱቄ አልዞረም። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ክራንቹን ከአንሶላው ክምር አስደግፎ ድሮ ታኬታውን ከሚደብቅበት ሥፍራ አጠገብ ተቀመጠ። "ንገረኝ" አለኝ። "የተቆረጠችውን። ከራስህ ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምር።"

ነገርኩት። ስጨርስ "ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም ይቀመጣል፤ እኔም የማይክ ድምፄን ትቼ፣ በተራ ድምፄ፣ እጀምራለሁ። ዝናብ አለ እለዋለሁ። ቀጫጫው ልጅ ገብቷል። ቀይ ጸጉሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣ ካፖርቱን ለብሷል። እዚህ ላይ ሁሌ በእጁ ያስቆመኛል።

"እግሮቹስ?" ይለኛል።

"ሁለቱም አሉ" እለዋለሁ።